ከሪያድ ሦስት ሰዓት

ጭሮ ውስጥ አውሮፕላን ተሳፍረው ሳያውቁ የበረራ ሰዓት በቃላቸው የያዙ አባቶች አሉ። ልጁን ዐረብ አገር የላከ ሁሉ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። ጎረቤቴ ጋሽ ጀማል ከዚያ የመጣን ሰው «ስንት ሰዓት ፈጀብህ?» ሳይሉ አያሳልፉም። «ከሪያድ አዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ነው፤ የገለምሶ ሚኒባስ እስኪሞላ ልጄ ትገባለች» ይሉናል። ማን ይከራከራቸዋል?

ልጅቱ እናቷ መታመማቸውን ሰምታ በተሳፈረች ማለዳ እናትየዋ አረፉ። ኢማሙ ጀናዛ እንደማይዘገይ ቢነግሯቸው፣ ጋሽ ጀማል ሰዓታቸውን አይተው «ሦስት ሰዓት ብቻ፤ አይታቸው ይቀበሩ» አሉ። ጠበቅን። ልጅቱ በሰዓቷ አዲስ አበባ ወርዳ ደወለች። ወደ ጭሮ የሚያመጣው መንገድ ግን ተዘግቶ ነበር። የዐስርን ሶላት ሰግደን ቀበርን።

በሦስተኛው ቀን ደረሰች። ጋሽ ጀማል በር ላይ አቀፏት። ስንት ሰዓት እንደፈጀባት አልጠየቁም።