ሻለቃ ብቻውን ይተኛ

ማታ በሕልሜ ቆዳዬ ጠበበኝ።

መጀመሪያ ብብቴ ላይ ያዘኝ፤ ቀጥሎ ጀርባዬ እንደ አሮጌ ኮት ተተረተረ። አልደነገጥኩም። ሸርጣን የሚያሳድግ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ድሬዳዋ፣ ሳሎኔ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን በመስታወት ሳጥን ሦስት ሸርጣኖች አሉኝ፤ የባለቤቴ ወንድም ከባድ መኪናውን ይዞ ከጅቡቲ ሲመለስ ከባሕሩ ዳር ለቅሞ ያመጣልኝ ናቸው። የራሳቸው ቤት የላቸውም። የሞተ ቀንድ አውጣ ዛጎል ውስጥ ይገቡና ቤቱን ተሸክመው ይዞራሉ። ሲያድጉ ደግሞ ቆዳቸውን ይጥላሉ። ቆዳውን የጣለ ሸርጣን እንደ ተቀቀለ ድንች ይለሰልሳል፤ ጓደኞቹም እንደ ተቀቀለ ድንች ያዩታል። ስለዚህ እርጥብ አሸዋ ተሞልቶ ሁልጊዜ ባዶውን የሚጠብቅ ትርፍ ሳጥን አለን። እኛ ቤት "ለይቶ ማቆያ" ይባላል።

ትናንት ቆዳውን ሊጥል ሲል ትልቁን፣ የምወደውን ሻለቃን፣ እዚያ ያስገባሁት በገዛ እጄ ነው። ከጭሮ ለእንግድነት የመጡት የባለቤቴ አጎት ጋሽ ተካልኝ ቆመው ያዩኝ ነበር።

"ብቻውን?" አሉ።

"ብቻውን" አልኳቸው።

ከንፈራቸውን መጠጡ።

በሕልሜ ግን ተራው የእኔ ሆነ። ሳጥኑ ውስጥ ያለነው እኛ ነን፤ ሸርጣኖቹ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ዜና ያያሉ። ሻለቃ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ።

"ይሄ ሰውዬ ምግብ ትቷል" አለ። "ቆዳውን ሊለውጥ ነው። ለይቶ ማቆያው ባዶ ነው?"

"ሽንኩርት አለበት" አለች እትዬ የምንላት ትንሿ ሸርጣን።

"ማን ጨመረው?"

"ባዶ ቦታ ሳይ ሆዴ አይችልም።"

ይህን ቃል ከባለቤቴ ከምንትዋብ አፍ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

"በል፣ እስኪለቀቅ ውጭ ቦታ ፈልግ" አለኝ ሻለቃ፤ በሩንም ከፈተልኝ። ውጭ እንደወጣሁ አንድ ባጃጅ እጁን ዘርግቶ አስቆመኝና ጀርባዬ ላይ ተሳፈረ።

"ከፊራ!" አለ። "ቀስ ብለህ፤ ጉድጓድ አለ።"

"ወንድሜ፣ ቆዳዬ እየወለቀ ነው።"

"የእኔ ጎማ ከተላጠ ስንት ጊዜው! መች ከሥራ ቀረሁ?"

ተሸክሜው ሄድኩ። ከፊራ ገበያ ስንደርስ ጫቶቹ ጥላ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው፣ ትራስ ተደግፈው ሰው ይቅሙ ነበር። አንዱ እስር ክንዴን ቆንጠጥ አደረገኝ።

"ለስላሳ ነው። የዛሬ ነው?"

"የትናንት ነው፤ ውኃ ረጭተውት ነው" አለ ጓደኛው። "አታለሉህ።"

ባጃጁን እዚያው አውርጄ ሮጥኩ። የገባሁበት መሥሪያ ቤት በር ላይ ሓላፊዎቹ በፀሐይ ተሰልፈዋል፤ ውስጥ ያለው አንድ ወንበር የእኔ ነው። የመጀመሪያው ሓላፊ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ገባ።

"ጌታዬ፣ ከጠዋት ጀምሬ ቆሜያለሁ። እባክዎ፣ ላገልግልዎት።"

"ነገ ተመለስ" አልኩት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም፤ ብቻ አፌ ላይ ጣፈጠኝ። ብቻዬን የምተኛበት ቦታ ፍለጋ መምጣቴ ትዝ ያለኝ እሱ እያለቀሰ ከሄደ በኋላ ነው። ልጠራው ብድግ ስል ቆዳዬ ወንበሩ ላይ ቀረ። ዘበኛው አጣጥፎ ተቀበለኝ።

ያለ ቆዳ ቤቴ ተመለስኩ። ንፋሱ ሁሉ ያመኛል። ደግነቱ ሽንኩርቶቹ ከሳጥኑ ወጥተው ሶፋው ላይ ከሸርጣኖቹ ጋር ቴሌቪዥን ያያሉ። የምግብ ዝግጅት ነው መሰል፤ ሰው ሲከተፍ እያዩ ያለቅሳሉ። ለይቶ ማቆያው ባዶ ነበር። ገባሁና እርጥቡን አሸዋ እስከ አንገቴ ተከናነብኩ። እፎይ አልኩ። ማንም አይነካኝም።

መስታወቱ ተንኳኳ።

ጋሽ ተካልኝ ነበሩ። ከኋላቸው ዕድርተኛው በሙሉ ተሰልፏል።

"ታሞ ብቻውን ተኛ ቢሉን ደንግጠን መጣን" አሉ።

"አልታመምኩም ጋሼ! ብቻዬን ተዉኝ፣ እስክጠነክር ብቻ!"

"ይቃዣል" አለች ከጎረቤቶቼ አንዷ፣ እግሯን ወደ ውስጥ እያስገባች። ሌሎቹም ተከተሏት። ያን ያህል ሰው እዚያች ሳጥን ውስጥ እንዴት እንደገባ እንጃ። ከበቡኝ፤ ግንባሬን ዳሰሱ፣ ትከሻዬን ጫን ጫን አደረጉ።

"ብርቱካን እንኳ አልያዛችሁም?" አልኩ በፍርሃት።

"ዛሬ ባዶ እጃችንን ነን" አሉ ጋሽ ተካልኝ፣ ነጠላቸውን እንደ ልጅ መሐረብ አንገታቸው ላይ እያሰሩ። "ሆዳችንም ባዶ ነው። አይዞህ፣ ሰው አለህ።"

ከዚያ ጣቴን ቀመሱኝና "ጨው አንሶታል" አሉ።

በጩኸት ነቃሁ።

ነግቷል። ቆዳዬ ቦታው ነው። በባዶ እግሬ ወደ ሳሎን ሮጥኩ። ትልቁ ሳጥን ውስጥ ማንም የለም። ጋሽ ተካልኝ ጋቢያቸውን ተከናንበው ለይቶ ማቆያው ፊት ተንበርክከዋል፤ ፊታቸው በርቷል።

"ጋሽ ተካልኝ፣ ሌሎቹ የት ሄዱ?"

"እንዴት አደርክ ልጄ። እኔስ እንቅልፍ ባይኔ ሳይዞር ነው ያደርኩት። የታመመ እንዲህ ለብቻው ይጣላል? እናንተ ከተሜዎች ምን ነካችሁ? ወንድሞቹን አመጣሁለት።"

እጄን ወደ ሳጥኑ ሰደድኩ። እሳቸው ግን ክንዴን ይዘው ወደ መስታወቱ ሳቡኝ።

"ናፍቀውት ኖሯል፤ ከገቡ ጀምሮ አለቀቁትም። እየው እንዴት እንዳቀፉት! ያቺ ትንሿማ ይኸው እየሳመችው ነው።"