ሊቀ ነጥብና የክፍል ሰባት ዘለላ

ላነበበ ሁሉ ይታወቅ! በሁለተኛው ፎቅ፣ በክፍል ሰባት፣ መስኮቱ ሥር የሚቀመጡት አዛውንት ተመራማሪ ከዛሬ ጀምሮ «ክቡር ሊቀ ነጥብ» ተብለው እንዲጠሩ አውጀናል። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ አራት የክፍል ባልደረቦቻቸው ነን፤ እሳቸውን የጠየቀ የለም።

ወሬን ሁሉ በአንገቱ ጎትቶ ወደ ሙያው የሚያስገባ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት በምድር ላይ የለም። የኛው፣ የጋላክሲ ፎቶግራፍ ኮምፒውተር ላይ ዘርግተው ነጥብ ይለቅማሉ፤ ይቺ ብቸኛ ኮከብ ናት፣ ያቺ የከዋክብት ዘለላ ናት እያሉ። በዚህ ቢያበቃ ማን ይጠላ ነበር? የክፍላችን ጸሐፊ ላገባ ነው ብትላቸው፣ እንኳን ደስ ያለሽ በማለት ፈንታ፦

«ልጄ፣ ከዋክብትም ከአንድ ደመና አብረው ይወለዳሉ። ትልልቆቹ ግን እፍ ብለው የተረፈውን ጋዝ ያባርሩታል። ያኔ ሳሳ ያለው ዘለላ ይበተናል። ጥቅጥቅ ያለው ነው ቢሊዮን ዓመት የሚከርመው!»

«እኔ እንኳ ለቅዳሜ ነበር የጠራሁዎት፣ ጋሼ» አለች ምስኪን።

ሲያስረዱ ደግሞ ካፊያ አላቸው። አንድ ጊዜ ጋላክሲው ጫፍ ላይ «ግዙፍ ወጣት ዘለላ» አገኘሁ ብለው ሦስት ሳምንት ሙሉ ተሟገቱለት። በአራተኛው ጠፋ።

«ማነው ዘለላዬን የነካው?»

«ስክሪኑን የወለወልኩት እኔ ነኝ» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ። «ምራቅዎ ነበር፣ ጋሼ።»

ባለፈው ወር ከኃላፊያችን ደብዳቤ መጣ፦ ክፍል ሰባት መጋዘን ይሆናል፤ ሊቀ ነጥብ ከካርቶኖቹ ጋር ይቆያሉ፤ እኛ አራታችን በየፎቁ እንበተናለን። እኔ በደስታ ልሞት! ክቡርነታቸው ግን ኃላፊው ዘንድ ገብተው አንድ ሰዓት ስለ ጋዝ አስረዱ። ኃላፊው መነጽራቸውን ጠርገው፣ «ውሳኔው አይቀየርም» አሉ።

አሁን አራተኛ ፎቅ ነኝ። ጸጥ ረጭ ያለ ክፍል። ስለ ምንም ነገር የሚያስረዳኝ የለም።

ሳምንት አልቻልኩም። በምሳ ሰዓት ወንበሬን ተሸክሜ ደረጃውን ስወርድ፣ ጸሐፊዋን ከነወንበሯ አገኘኋት። ክፍል ሰባት ስንደርስ ሌሎቹ ሁለቱ ቀድመውናል። ክቡርነታቸው «እንዴት ዋላችሁ» እንኳ አላሉን። በጣታቸው ቆጠሩንና መዝገባቸው ላይ ጻፉ፦ «አንድ ዘለላ። አልተበተነም።»

ይኸው ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እንወርዳለን። ለሳቸው ብዬ አይደለም፤ ደረጃ ለጤና ጥሩ ነው ስለተባልኩ ነው። ትናንት ግን ኃላፊው ክፍሉ በምሳ ሰዓት እንዲቆለፍ ሊያዝዙ ነው ሲባል ሰማሁ። አንባቢ ሆይ፣ ኃላፊውን የምታውቃቸው ከሆነ፣ እኔ አልኩ እንዳትል እንጂ፣ በወሬ መሃል እንደዋዛ፣ ያቺን የክፍል ሰባት ቁልፍ እንዲተዉልን ብትነግራቸው…