ስትወርድ የማትጠጣ መኪና

ተሳቢ ማለት ሞተር፣ መሪና የራሱ አስተያየት የሌለው፣ ከፊቱ ያለው ወደሄደበት ሁሉ የሚከተል ባለ ጎማ ዕቃ ነው። እሱ ነዳጅ አይጠጣም፤ ያስጠጣል እንጂ። እንዲህ ያለ ሰው በየቤታችሁ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ የዛሬው ጨዋታዬ ግን ስለ ብረቱ ነው።

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑት ጋሽ ሁሴን ተሳቢ የሚቀጠልባት አንዲት ትልቅ ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪና አለቻቸው። የደሴ ሰው የመኪናውን ጠባይ የሚመሰክረው ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ባየው ነው። እሳቸውም እንደ አገሩ ልማድ፣ "ተሳቢ ጎትቼ ኮምቦልቻ ስገባ የነዳጁ ጌጅ ንቅንቅ አይልም፣ ወላሂ" ይላሉ። ሲመለሱስ? "ያንን የጠጣው ዳገቱ ነው። የዳገቱን ወንጀል በመኪናዬ ላይ አታላክኩ።"

ባለፈው በልግ ልጃቸውን ሊድሩ ሆነ። ድንኳን ከእድራችን ተይዞ ነበር። በሰርጉ ጠዋት ግን በሰፈሩ ሰው ሞተና ድንኳኑ ወደ ለቅሶው ሄደ። በእኛ ዘንድ ሰርግ ይጠብቃል፤ ለቅሶ አይጠብቅም። ሰማዩ ጠቁሯል፣ የሙሽራው ወገኖች ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ይደርሳሉ፣ ግቢው ደግሞ ባዶ ሜዳ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራው የወንድማቸው ልጅ፣ "የእኛ እድር ድንኳን አለው፤ ኑና ውሰዱ" ብሎ ደወለ።

"ሁሴን፣ መጀመሪያ ነዳጅ ቅዳ" አሉ ታላቅ እህታቸው እትዬ ዘሃራ።

"የማደያውን ሰልፍ አላየሽም? ደግሞ ለመውረድ ነዳጅ ምን ያደርጋል?"

"ለመውረድማ ድንጋይም ይወርዳል። ድንኳኑ የሚፈለገው እዚህ ነው።"

እኔ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ዝም ብዬ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ወረድን። ጌጁ ከደሴ ስንነሳ ሩብ ላይ ነበር፤ ኮምቦልቻም ሩብ ላይ ሆኖ ገባ። ጋሽ ሁሴን በየኩርባው በጣታቸው እያመለከቱ አሳዩኝ። ድንኳኑ፣ የብረት ምሰሶውና አግዳሚ ወንበሩ ተሳቢው ላይ ተጫነ። ድንኳን የሚተክሉ የፋብሪካ ልጆች ከኋላ ተደረደሩ። አንዲት ሴትዮም ከነሽንኩርት ጆንያቸው ተሳፈሩ፤ ወደ ሰርግ የሚሄድ መኪና እምቢ አይልም።

"እዚህ እንቅዳ ይሆን፣ ጋሼ?" አልኩ።

"ሩብ ይዘን መጣን፤ ሩብ ይዘን እንመለሳለን። ሂሳብ አይደል እንዴ?"

ወደ ደሴ ስንመለስ ሐረጎ ዳገት አጋማሽ ላይ መኪናዋ ሁለቴ ስላ ቆመች። ልጆቹ ዘለው ወርደው ጎማው ሥር ድንጋይ አስደገፉ። አንደኛው፣ "ጋሼ፣ ዳገቱ ሩቡን ጠጣው መሰለኝ" አለ።

"ስነግራችሁ አትሰሙም" አሉ ጋሽ ሁሴን።

እትዬ ዘሃራ እኔ ስልክ ላይ ደወሉ። ሙሽራዋ ደመናውን እያየች ታለቅሳለች አሉኝ። "ለመሆኑ እየወረዳችሁ ነው እየወጣችሁ?"

"ቆመናል፣ እትዬ።"

ከብዙ ልመና በኋላ ባዶውን የሚመለስ ገልባጭ መኪና ቆመልን። ገመድ አስሮ መኪናዋን ከነተሳቢዋ፣ ከነሽንኩርቱ እየጎተተ አወጣን። የድንኳኑ የመጨረሻ ገመድ ሲወጠር የሙሽራው ወገኖች በበሩ ገቡ፤ ዝናቡም ተከትሏቸው መጣ። ሙሽራዋ ሳቀች። ማንም አልረጠበም።

ከምሳ በኋላ ጋሽ ሁሴን ለአዲሶቹ አማቾቻቸው፣ መኪናቸው ከሐረጎ እስከ ቧንቧ ውሃ ያለውን ዳገት፣ ሙሉ ጭነት የያዘ ተሳቢ አስከትላ፣ አንዲት ጠብታ ነዳጅ ሳትጠጣ መውጣቷን ተረኩላቸው። እኔንም ምስክር ጠሩኝ።

እውነት ስለሆነ መሰከርኩ።