የታዴ ጠያቂዎች

እንደምናገረው ጻፊው፤ አማርኛዬን ደግሞ እንዳታሳምሪብኝ።

እናንተዬ፣ እኛ አገር ሰው ለብቻው አይታመምም። አንዱን ራሱን ካመመው ሰፈሩ ሁሉ ሻሽ ያስራል። ጠያቂ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ከዚያ አክስቱ ልክ እንደዚሁ አድርጓት እንደሞተች ለበሽተኛው ያጫውተዋል። ደግሞ ቀርታችሁ እንደሆነ ወዮላችሁ፤ በሽተኛው ድኖም ቂም ይይዝባችኋል።

በደርግ ጊዜ ነው፣ እዚሁ አሰላ። ወንድሜ ታዴ የመንግሥት እርሻ ኮምባይነር ነጂ ነበር። ኢተያ ሜዳ ላይ ከሞተር ጋር ሲጯጯህ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ «ጨው አቀብዪኝ» ሲል ጎረቤት ጨው ይዞ ይመጣል። በኋላ ራሱን ያመው ጀመር፣ ያስመልሰው ጀመር፣ ግራ እጁም አልታዘዝ አለ። አዲስ አበባ ወሰድኩት። ሐኪሙ እኔን ብቻዬን ጠርቶ «ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ አለ፤ ማውጣት አይሆንም፣ ቤቱ ይዘሽው ግቢ» አለኝ። ስወጣ ታዴ አየት አደረገኝና «በይ እንሂድ፤ ፊትሽ ነግሮኛል» አለ።

ከጎጃም ተመድባ የመጣች ሲስተር አስቴር የምትባል ነርስ ከሥራ ስትወጣ ትመጣልን ነበር። ክኒኑን ሕመሙ ሳይነሳበት ቀድመን እንድንሰጠው፣ ጀርባው እንዳይቆስል እንድናገላብጠው አሳየችን። ቤቱ ግን ገበያ ነው። አንድ ቀን ታዴ ጆሮውን በትራስ ይዞ ሲያቃስት ደረሰች።

«እትዬ፣ ጸጥታ ያስፈልገዋል» አለችኝ።

ጠያቂን ከደጅ መመለስ ደግሞ፣ እናንተው ፍረዱ፣ የቀበሌ ስብሰባ ከመቅረት ይብሳል። መላውን ያመጣችው ጎረቤቴ አዴ ዘይነባ ናት። «እኔ ቤት ይጠይቁት» አለች። እንዲያ ሆነ። በሽተኛው እዚህ፣ ጥየቃው እዚያ። ሰው አዴ ዘይነባ ቤት እየገባ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ እኔ በታዴ ስም «እግዜር ይስጥልን» እላለሁ። አንድም ሰው አልተቀየመም። እንዲያውም በሽተኛው ስለሌለ ጨዋታው ደራ።

ታዴ ሕመሙ ቀለል አለው። ግን ምግብ እንቢ አለ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አንድ ከሰዓት ከወዲያ ቤት ሳቅ ሰማ።

«ምንድን ነው?»

«ጠያቂዎችህ ናቸው።»

«እኔ'ኮ ሰው የረሳኝ መስሎኝ» አለ። ፊቱን ከግድግዳው መለሰና «ሳልሞት ለቅሶ ተቀመጣችሁ? በሉ ውሰዱኝ» አለ።

ሲስተርን ጠየቅናት። አሰብ አደረገችና «ክኒኑን ቀድመን እንስጠው፤ ድካም ሲለው ቶሎ እንመልሰዋለን» አለች። በወንበር አንስተን፣ ዓይኑን ከፀሐይ በነጠላ ጋርደን ወሰድነው። ስንገባ ሁሉም ከመቀመጫው ብድግ አለ። ታዴ አንድ በአንድ አያቸው። ያ ድምፅ ክር አክሎ፣

«አካም ጅርቱ? እንዴት ናችሁ?» አለ። «ብትጠፉብኝ ልጠይቃችሁ መጣሁ።»

መጀመሪያ የሳቀችው አዴ ዘይነባ ናት፤ ዓይኗን በሻርፗ እየጠረገች።

ከዚያ ወዲህ ደህና በዋለ ቁጥር ጠያቂዎቹን ሊጠይቅ ይሄዳል። ጥቂት ይቀመጣል፣ ሁለት ማንኪያ አጥሚት ሰው መሀል ይጠጣል፣ ይመለሳል። መነሳት ሲያቅተው እነሱ በየተራ፣ ጫማቸውን ደጅ እያወለቁ ገብተው እጁን ይዘውለት ይወጡ ነበር።

ሲያርፍ ድንኳኑን እመስኮቱ ሥር ተከልነው። ያን ቀን አገሩ ቢጮህ ግድ የለውም። እኔ ግን ለምዶብኝ፣ ለቀስተኛ በገባ ቁጥር «ቀስ በሉ» ስል ዋልኩ።