የፊት ገጹ የማን ነው?

(ለቡ፣ የሬድዋን ማተሚያ ቤት። ማተሚያ ቤት ይባል እንጂ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና ሁለት ዱካ ናት። አርብ ቀትር ላይ ነው። ሬድዋን “ጁምዓ ሰግጄ እስክመጣ ማን የቱ ገጽ ላይ እንደሚሆን ተስማሙ፤ ሌላ ምንም እንዳትነኩ” ብሎ ሄዷል። ትቷቸው የሄደው ሁለት አባቶችን ነው። በፍቃዱ የሙሽራዋ የእፀገነት አባት ነው፤ ብስራተ ገብርኤል ሱቅ አለው፤ እሱ የማያውቀው ነገር ገና አልተፈጠረም። ዳዲ የሙሽራው የኦልጅራ አባት ነው፤ የፉሪ ሰው፤ ነገር ቀስ ብሎ ይገባዋል፤ አንዴ ከገባው ግን አይወጣም። ሰርጉ እሁድ ነው። ለእንግዳ የሚታደለው ባለ ስምንት ገጽ ቡክሌት ላይ የሁለቱም ቤተሰብ የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት አለ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። በፍቃዱ ደግሞ ገና ሳይታተም ለዘመዶቹ በሙሉ “ከፊት ያለሁት እኔ ነኝ” ብሎ አውርቷል፤ ምላሱ ነዋ! አሁን ሁለቱም ገጽ ስምንትና ገጽ አንድ ጎን ለጎን የሚታዩበት ስክሪን ላይ አፍጥጠዋል።)

ዳዲ፦ እኔ ግን አልገባኝም። ስምንት ከአንድ ጎን ምን ይሠራል?

በፍቃዱ፦ ጋሽ ዳዲ፣ ስንት ጊዜ ላስረዳዎት! የገጹን ቁጥር ይተዉት። ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ነው።

ዳዲ፦ ኮምፒውተር ይሳሳታል እንዴ?

በፍቃዱ፦ የሠራው ሰው አይደል?

ዳዲ፦ ኦልጅራን አንደኛ ክፍል ሳስገባው ከአንድ ቀጥሎ ሁለት ነው ብለውን ነበር።

በፍቃዱ፦ ያ ትምህርት ቤት ነው፤ ይሄ ህትመት ነው! ዋናው ቁጥሩ ሳይሆን ቦታው ነው። አማርኛ ከየት ጀምሮ ነው የሚነበበው?

ዳዲ፦ መነጽሬን ካደረግሁ... ከቅርብ።

በፍቃዱ፦ ኧረ በፈጠረዎት! ከግራ ነው ከቀኝ?

ዳዲ፦ ከግራ።

በፍቃዱ፦ በቃ! በግራ ያለው ይቀድማል ማለት ነው። ግራውን እኔ ይዤዋለሁ።

ዳዲ፦ እሱ እኮ ነው ስምንት የሚለው።

በፍቃዱ፦ ስምንት ይበልጣል አንድ?

ዳዲ፦ ስምንት።

በፍቃዱ፦ ታዲያ የሙሽራዋ አባት ማነስ አለበት?

ዳዲ፦ ኧረ የለበትም! (ጥቂት አስቦ) እኔስ ታዲያ?

በፍቃዱ፦ እርስዎ በቀኝ ነዎት። የሚባርኩት በቀኝ፣ የሚጎርሱት በቀኝ። ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ?

ዳዲ፦ እሱስ ልክ ነው። ግን ሚስቴን ገበያነሽን ታውቃታለህ። “ከኋላ አድርገውህ ከመጣህ እዚያው ለቡ እደር” ብላኛለች።

በፍቃዱ፦ ዘነቡስ ለኔ ምን ያለችኝ ይመስልዎታል? ሚስትማ ሚስት ናት። ይልቅ ቃል እንገባባ። እኔ ግራ፣ እርስዎ ቀኝ። ከዚህ በኋላ ልቀይር ማለት የለም።

ዳዲ፦ የለም።

(ይጨባበጣሉ። በፍቃዱ የዳዲን እጅ ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፤ የሚያመልጠው መስሎታል። ከዚያ በፍቃዱ፣ ሬድዋን አስቀድሞ የጻፋቸውን ሁለት መልእክቶች እየጎተተ፣ የራሱን በግራ፣ የዳዲን በቀኝ ይጥላል።)

ዳዲ፦ ሬድዋን ምንም እንዳትነኩ ብሏል እኮ።

በፍቃዱ፦ ያለው ለማያውቅ ሰው ነው፤ እኔን አይመለከትም። አሁን ፒዲኤፍ አደርገዋለሁ።

ዳዲ፦ ፒዲኤፍ ደግሞ ምንድን ነው?

በፍቃዱ፦ እንዴት ብዬ ላስረዳዎት... ሲሚንቶ ያውቁ የለ? እዚህ ፕሮግራሙ ውስጥ እያለ ገና የተቦካ ነው፤ እንደፈለጉ ያደርጉታል። ፒዲኤፍ ሲሆን ደረቀ። ማንም አያነቃንቀውም።

ዳዲ፦ ውኃ የሚያጠጣው ማነው?

በፍቃዱ፦ ምን?

ዳዲ፦ ሲሚንቶ ውኃ ካልጠጣ ይሰነጠቃላ! ቤቱ ሲሠራ ጠዋት ጠዋት እየተነሳሁ የማጠጣው እኔ ነበርኩ።

በፍቃዱ፦ (ኪቦርዱን በክንዱ እየሸፈነ) እባክዎ ጋሽ ዳዲ፣ ውኃ የሚባል ነገር ወደዚህ እንዳያስጠጉ!

(ይጫናል። ፒዲኤፉ ይከፈታል። ፊደሉ ሁሉ ጠፍቶ በየመስመሩ ባዶ ሳጥን ተደርድሯል።)

ዳዲ፦ ወይ ጉድ! ይሄ ሁሉ ሳጥን የማን ስጦታ ነው?

በፍቃዱ፦ ስጦታ አይደለም። የአማርኛው ፊደል አብሮ አልገባም።

ዳዲ፦ የት ቀረ?

በፍቃዱ፦ እየመጣ ነው! ዝም ብለው ይጠብቁ!

(በፍቃዱ ያገኘውን ሁሉ ይጫናል። ያላላበው ነገር የለም፤ ግንባሩ፣ አንገቱ፣ መዳፉ። ከመጫኑ ብዛት አንዱ ትክክል ሆነለትና ፊደሉ ተመለሰ። እሱ ግን ከመጀመሪያው ያወቀ መስሎ ጢሙን ይዳብሳል። ለናሙና አንድ ያትማል። ዳዲ ወረቀቱን አንስቶ ይገልጣል።)

ዳዲ፦ በፍቃዱ፣ ይሄኛው ገጽ ቀና ነው፤ ያኛው ተዘቅዝቋል።

በፍቃዱ፦ (ደንግጦ፣ ድንጋጤውን ዋጥ አድርጎ) ሆን ተብሎ ነው።

ዳዲ፦ ለምን?

በፍቃዱ፦ ሰርግ ላይ እንግዳ የሚቀመጠው እንዴት ነው? ፊት ለፊት አይደለም? እርስዎ ቀናውን ሲያነቡ፣ ከፊትዎ ያለው ሰውዬ የተዘቀዘቀውን ያነባል። አንድ ቡክሌት ለሁለት ሰው!

ዳዲ፦ (በአድናቆት ራሱን እየነቀነቀ) ይሄን ያህል ታስቦበታል?

በፍቃዱ፦ ህትመት ጨዋታ መሰለዎት!

ዳዲ፦ ታዲያ ሬድዋን ፕሪንተሩ ላይ የለጠፋት ወረቀት ምንድን ናት? (አንገቱን አስግጎ፣ ፊደል እየቆጠረ) “ቡክሌት... ሲታተም... በአጭሩ ጠርዝ... ገልብጥ። አለዚያ... ይዘቀዘቃል።”

በፍቃዱ፦ እሷ... እሷ የድሮ ናት።

(ዳዲ መነጽሩን ሊወለውል ዞር ሲል በፍቃዱ ቶሎ ብሎ “አጭር ጠርዝ” የሚለውን ይጫናል። ሁለተኛው ናሙና ይወጣል። ሁሉም ገጽ ቀና ነው። ዳዲ መሐሉን አጥፎ፣ በመዳፉ ጫን ጫን አድርጎ ያነሳዋል።)

ዳዲ፦ እንዴ! ይሄ እኔ ነኝ! “አቶ ዳዲ ሮበሌ...” ከፊት ወጣሁ! አንተ የታለህ?

በፍቃዱ፦ ይስጡኝ! አጣጠፍዎ ነው የተበላሸው። ይሄ የሚታጠፈው ወደዚያ ነው።

(ወደ ኋላ ገልብጦ ያጥፈዋል።)

ዳዲ፦ አሁን ደግሞ ከፊት “እጅ መታጠቢያና ሽንት ቤት ከድንኳኑ ጀርባ” ይላል። ይሄ የማን አባት ነው?

(በፍቃዱ መልሶ ይዘረጋዋል። ያጥፈዋል። ይዘረጋዋል። ያጥፈዋል። በትክክል በታጠፈ ቁጥር ዳዲ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ናቸው። ያኔ ነው የገባው፤ ወረቀቱ ሲዘረጋ ግራ የነበረው ሲታጠፍ ጀርባ ይሆናል። የብስራተ ገብርኤል ዘመድ ሁሉ ሳቁን እየዋጠ ፊቱ ላይ ድቅን አለ። እንቀይር እንዳይል ደግሞ፣ መቀየር የለም ብሎ እጅ የጨበጠው ራሱ ነው። ወይ ነዶ!)

ዳዲ፦ ምነው? ከፋህ?

በፍቃዱ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) ከፋህ? እንኳንም ከኋላ ሆንኩ! እኔ ራሴ ነኝ እኮ የመረጥኩት።

ዳዲ፦ ከኋላ መሆን ጥሩ ነው?

በፍቃዱ፦ እስቲ ይፍረዱ። ከፉሪ ታክሲ ይዘው ሲመጡ መንገድ ላይ ምን ያነባሉ?

ዳዲ፦ ከፊታችን ያለው ሚኒባስ ላይ የተለጠፈውን ጥቅስ።

በፍቃዱ፦ የተለጠፈው ፊቱ ላይ ነው ጀርባው ላይ?

ዳዲ፦ ጀርባው ላይ ነዋ። ፊቱን የት አገኘዋለሁ?

በፍቃዱ፦ አዩ አይደል! ፊትን የሚያይ የለም! ደግሞ እንግዳው ምሳ ሊበላ ሲል ቡክሌቱን ምን ያደርገዋል? ጠረጴዛው ላይ ድፍት! ፊቱ የጠረጴዛ ልብስ ሲስም ይውላል፤ ጀርባው ግን ላለፈ ላገደመው ሁሉ ይነበባል።

ዳዲ፦ (ፊቱ ይለዋወጣል) ስለዚህ እኔ በልጄ ሰርግ የጠረጴዛ ልብስ ስስም ልውል ነው?

በፍቃዱ፦ ምን ላድርግ፣ ተጨባብጠናል።

ዳዲ፦ አታለልከኝ!

በፍቃዱ፦ እኔ? በሬድዋን ወንበር ላይ ተቀምጬ?

ዳዲ፦ የሙሽራው አባት ነኝ፤ ጀርባው ለኔ ይገባል! ቀይር!

በፍቃዱ፦ ኧረ ጋሽ ዳዲ፣ በጀርባዬ አይምጡብኝ! ለዘነቡ ምን ብዬ እነግራታለሁ?

ዳዲ፦ አልቀይርም ካልክ ሰርጉ ይቅር!

በፍቃዱ፦ (መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን ይጠርጋል፤ ከመሐረቡ ሥር ጥርሱ ብልጭ ይላል) ይሁን። ለልጆቹ ስል። ከፊት እሆንልዎታለሁ።

ዳዲ፦ እግዜር ይስጥህ። ደግ ሰው ነህ።

(በፍቃዱ ደስታው አላስቀምጥ ብሎታል። ዳዲ ሐሳቡን ከመቀየሩ በፊት ለመጨረስ ኪቦርዱን ይቀጠቅጠዋል።)

ዳዲ፦ ያን ሁሉ ጽሑፍ ከዚህ ወደዚያ ልታጓጉዘው ነው?

በፍቃዱ፦ ምን ሲደረግ! ያ የጀማሪ ሥራ ነው። የእርስዎን ስም አጥፍቼ የኔን፣ የኔን አጥፍቼ የእርስዎን። ሁለት ስም፣ አለቀ!

ዳዲ፦ ሬድዋን እስኪመጣ ብንጠብቅስ? አንድ ጊዜ ቢያየው...

በፍቃዱ፦ ምኑን ነው የሚያየው? ይኸው ፒዲኤፍ ሆነ። ይኸው በቴሌግራም ለዘመድ ሁሉ ላክሁት። ይኸው ሁሉንም አትም አልኩት!

(ፕሪንተሩ እያጓራ ወረቀቱን ይተፋል። በፍቃዱ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ጠባቧ ቤት አልበቃችውም።)

በፍቃዱ፦ (በስልክ) ሄሎ ዘነቡ! ከፊት ነኝ! አዎ፣ ከፊት! አላልኩሽም? ልኬዋለሁ፣ ክፈቺውና እዪው፤ ለእህቶችሽም አሳዪያቸው!

(ስልኩን ዘግቶ ደረቱን ነፍቶ ይቀመጣል። ዳዲ ከተከመረው አንዱን አንስቶ፣ አጥፎ፣ ፊደል እየቆጠረ ያነባል።)

ዳዲ፦ “አቶ በፍቃዱ ተሰማ... እና... ወይዘሮ ገበያነሽ...” (ቀና ብሎ) በፍቃዱ።

በፍቃዱ፦ አቤት! ከፊት ነኝ አይደል?

ዳዲ፦ ከፊት ነህ። ከገበያነሽ ጋር።

በፍቃዱ፦ ከማን ጋር?

ዳዲ፦ ከሚስቴ ጋር። “ወንድ ልጃችን ኦልጅራ... ሙሽራዋን ለማምጣት ሲሄድ...” ኦልጅራም ያንተ ሆኗል።

በፍቃዱ፦ (ነጥቆ ያነባል) ስሙን ብቻ... ሁለት ስም ብቻ ነበር እኮ...

ዳዲ፦ (ሌላ አንስቶ ጀርባውን እያየ) እዚህ ደግሞ እኔና ዘነቡ ልጃችንን እፀገነትን እየዳርን ነው።

(ስልኩ ይጮኻል። ዘነቡ ናት። በፍቃዱ አያነሳም። ይዘጋና መልሶ ይጮኻል፤ አሁን የዘነቡ ታላቅ እህት ናት። በፍቃዱ ስልኩን የወረቀት ክምር ሥር ይደብቀዋል። ጩኸቱ ግን ይሰማል። እውቀቱ ሁሉ የት እንደገባ እንጃለት፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሊጠይቅ ነው።)

በፍቃዱ፦ ጋሽ ዳዲ... ምን ይሻለኛል?

ዳዲ፦ (ቀስ ብሎ ይነሳል፤ ጋቢውን ያጣፋል፤ አንድ ቡክሌት ብብቱ ውስጥ ይከታል) እኔን ትጠይቀኛለህ? ዘመድ አዝማድ አንብቦታል፤ አንዴ ታትሟል። እንግዲህ እሁድ ሚዜዎቹን አስከትለህ፣ ጥሎሹን አሸክመህ በጊዜ ና። እኔና ዘነቡ በሩን ዘግተን እንጠብቅሃለን፤ በደንብ ሳትለምን ደግሞ አንከፍትም።