የአቶ ደምለው አጭር ጥያቄ

ስብሰባ በተጠራበት አገር ሁሉ፣ ሰብሳቢው «ጥያቄ ያለው?» ብሎ አፉን ሳይገጥም ወደ ላይ የሚመዘዝ አንድ እጅ አይጠፋም። ሌላው ሕዝብ ምሳውን እያሰበ ለመነሣት ሲቁነጠነጥ፣ የዚያ እጅ ባለቤት ገና መጀመሩ ነው።

የመተማዋ ከተማ የሸሕዲ ባለ እጅ ክቡር አቶ ደምለው ናቸው። ኮኪት አጠገብ ሰሊጥ ያርሳሉ። ነጭ ጀላቢያቸውን ለብሰው ከፊት ረድፍ ዳር ያለውን ወንበር ይይዙና፣ ጊዜው ሲደርስ «አንድ ጥያቄና አንድ አስተያየት አለኝ፤ ጥያቄዬ አጭር ናት» ብለው ይነሣሉ። አጭር ሆና አታውቅም። የወባ ሥልጠና ላይ ስለ አጎበር ሊያስተምር የመጣውን ባለሙያ፣ «ትንኟ ውስጥ እያለች ከተዘጋባት በየት ትውጣ?» ብለው ግማሽ ሰዓት አስለፍተውታል። ስለ ትራክተር ዘይት በተሰጠ ገለጻ ላይ ደግሞ ጥያቄያቸው ከአባታቸው በሬዎች ስም ተነሥታ፣ ዘይቱ ጋ ሳትደርስ መሸ። የወይዘሮ ካሰች ልጅ በተዳረች ጊዜ እንኳ፣ ሽማግሌው ሙሽሮቹን መክረው ሲቀመጡ አቶ ደምለው ብድግ አሉ። «ምክሩ መልካም ነው፤ ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ።» ሙዚቃ ከፍተው ነው ያስቀመጧቸው።

ይህን ሁሉ ሠላማዊት ጠንቅቃ ታውቃለች። የሸሕዲ ልጅ ናት፤ ጎንደር ፊዚክስ ታስተምራለች። የምትመራመረው ስለ ጋማ ጨረር፣ ማለትም የጠፈር ቴሌስኮፕ እንጂ ዓይናችን ስለማያየው ኃይለኛ ብርሃን ነው። አንድ እጅግ ሩቅ ጋላክሲ በየአሥራ ዘጠኝ ወሩ እየደመቀ እንደሚደበዝዝ ደርሳበታለች። ጎንደር የተጀመረው የሦስት ቀን ዓለም አቀፍ ጉባኤ የመጨረሻ ቀኑን ሸሕዲ እንዲያደርግ ለምና ያሳመነችውም እሷው ናት። «ያሳደገኝ ሕዝብ ሥራየን ይስማልኝ» ብላ።

የአዳራሹን በር አልፋ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ነጩን ጀላቢያ ነው። «በስመ አብ! በባዕድ እንግዳ ፊት!» አለች በልቧ። ጠጋ ብላ ጎንበስ አለች።

«ጋሼ ደምለው፣ ዛሬ እንኳ… እንግዶቹ ሰዓት የላቸውም።»

«አውቃለሁ ልጄ። የኔ አጭር ናት።»

ሠላማዊት የተጨነቀችው ያለምክንያት አልነበረም። ከጣሊያን የመጡ አንዲት ፕሮፌሰር ትልቅ የጥናት ቡድን ይመራሉ፤ ሊቀላቅሏት አስበዋል። ማታ ግን ሻይ እየጠጡ፣ «ግኝትሽ ደስ ይላል፤ የሚዋዥቀው ጋላክሲው ራሱ መሆኑን ግን ገና አላመንሁም። መልሱን ነገ ከገለጻሽ እጠብቃለሁ» ብለዋት ነበር። መልሱ በገለጻዋ የመጨረሻ ገጽ ላይ ተቀምጧል።

እዚያ ገጽ ላይ ሳትደርስ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እነሣለሁ አልነሣም እያለ ሰባት ደቂቃ በላ። የመድረኩ መሪ ዶክተር ባየልኝ ደግሞ ከሰዓታቸው ጋር ቆርበዋል፤ መብራቱ በመጣ ባፍታው ደወሉን መቱ። «ይበቃል። አንድ ጥያቄ ብቻ!»

አዳራሹ ጭጭ አለ። ከቆርቆሮው ሥር ማራገቢያው ብቻ ይንቋቋል። ፕሮፌሰሯ ማስታወሻቸውን አጥፈው ቦርሳቸውን ሲያነሡ ሠላማዊት አየች። ይሄኔ እጁ ተነሣ።

«አንድ ጥያቄና አንድ አስተያየት አለኝ» አሉ አቶ ደምለው። የሸሕዲ ሰው በሙሉ አቃሰተ። አስተርጓሚው ወደ እንግዶቹ ጆሮ ዘንበል አለ። «አምና፣ ወደ ማምሻው ላይ፣ በትራክተሬ እያረስሁ ከፊቴ አንድ መብራት ከፍ ዝቅ ይልብኛል። ሽፍታ ነው ብዬ ሞተሬን አጠፋሁ። መብራቱ ቀጥ አለ! ለካስ የጎረቤቴ የአቶ ማስተዋል የጎጆ መብራት ኖሯል፤ የምነጥረው እኔ ነኝ። እና ልጄ፣ ያንች ብርሃን ከፍ ዝቅ የሚለው እሱ ራሱ ነው፣ ወይስ የተሳፈርሽበት ነው የሚንጥሽ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቁት ፕሮፌሰሯ ብቻ ናቸው። ቦርሳቸውን መልሰው አስቀመጡ።

«ይህን ለመመለስ አንድ ገጽ ማሳየት አለብኝ» አለች ሠላማዊት። ዶክተር ባየልኝ ደወሉን ሊያነሡ ሲሉ፣ ፕሮፌሰሯ «ታሳይ እንጂ!» አሉ።

ገጹ ተከፈተ። ከላይ የሚዋዥቅ መስመር፣ ከሥሩ እንደ መተማ ሜዳ የተንጣለለ ሌላ መስመር። «ይኸ የታችኛው የጋላክሲው ጎረቤት ነው። በዚያው ቴሌስኮፕ፣ በዚያው ዘመን የታየ። የሚናጠው ቴሌስኮፑ ቢሆን ኖሮ ይህም አብሮ በተናጠ ነበር።»

አቶ ደምለው አገጫቸውን አሹ። «እንግዲያው እሱ ራሱ ነው። ተቀመጥሁ። አስተያየቴን ግን…»

«ምሳ ላይ!» አሉ ዶክተር ባየልኝ።

ፕሮፌሰሯ እዚያው መድረኩ ሥር የሠላማዊትን እጅ ጨበጡ። «ቡድኑ ውስጥ ነሽ» አሏት።

ምሳ ላይ አቶ ደምለውን ፈልጋ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ያን ጥያቄ ከየት አመጡት?»

«እኔ እንጃ» አሉ እየጎረሱ። «ሰው አገር አቋርጦ መጥቶ፣ የልቡን ተናግሮ ሲጨርስ፣ አዳራሹ ጭጭ ያለበት ጊዜ ፊቱን አይተሽ ታውቂያለሽ? አንጀቴን ይበላኛል። ስለዚህ ቢገባኝም ባይገባኝም እነሣለሁ።»

«የዛሬውስ ገብቶዎት ነበር?»

«እስከ ትራክተሩ ድረስ» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ተራው የፈሀድ ሆነ። ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ የመጣ ተመራማሪ ነው፤ ወረቀቱን አንብቦ ጨረሰና ቀና አለ። ማንም ምንም አላለም። ልጁ አንዴ ጣራውን፣ አንዴ ጫማውን ያያል። ሠላማዊት ወደ ፊት ረድፍ ዞረች። አቶ ደምለው፣ ምሳውና የቆላው ሙቀት ተባብረውባቸው፣ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

በእግር ጣቶቿ ጫፍ እየሄደች ደረሰችና ትከሻቸውን ነቀነቀች። «ጋሼ ደምለው! ጋሼ! ጨርሷል እኮ!»

ዓይናቸው ሳይገለጥ እጃቸው ተነሣ።