በውሃ ሰልፍ የተገኘ ብርድ ልብስ

የዘንድሮ ሰው ጨከነ ሲባል እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። ሰውማ ያው ነው፤ የጠፋብን በሩ ነው። ድሮ ለተቸገረ ለመለመን "ቤቶች!" ብሎ መግባት ይበቃ ነበር። ዛሬ በራችን ብረት ሆኗል፤ ብረቱ ላይ ደግሞ ከአተር የማትበልጥ ማያ ቀዳዳ አለች። አንኳኩታችሁ ስትጠብቁ ቀዳዳዋ ትጨልማለች፤ አንድ ዓይን ያያችኋል፤ ቀጥሎ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይቀንሳል። በቃ፣ ቤት ውስጥ ሰው የለም።

ይህን የማውቀው ልደታ ኮንዶሚኒየም ስለምኖር ብቻ ሳይሆን፣ የአንዲት ትንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበር ጸሐፊ ስለሆንኩም ነው። ጠመንጃ ያዥ አካባቢ ጧሪ የሌላቸውን ጥቂት አረጋውያን እንደግፋለን። ሊቀመንበራችን ወይዘሮ አስካለ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጉልበታቸው ደረጃ አይወድም፣ ድምፃቸው ግን አራተኛ ፎቅ ይደርሳል።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡም አብሮ ገባ። ዓይነ ስውሩን አባባ ተክሌን ልንጠይቅ ስንሄድ ጣሪያቸው አፍስሶ፣ ብርድ ልብሳቸው ርሶ፣ ማዳበሪያ ለብሰው አገኘናቸው። ወይዘሮ አስካለ ገና ከደጃፉ ሳንርቅ ብርድ ልብስ እንድንፈልግ አዘዙ።

እኔ ዘመናዊ ነኝ ባይ፣ ዘመኑ የስልክ ነው ብዬ በሕንፃችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ብርድ ልብስ ለመንኩ። ወዲያው ያ ለጸሎት የተጋጠሙ እጆች ሥዕል ይዘንብልን ጀመር። የአራተኛ ፎቁ ኢንጂነር ብቻውን አምስት ላከ። ብርድ ልብስ የላከ ግን የለም። ወይዘሮ አስካለ ስልኬን አቅርበውም አርቀውም አዩና፣ ይህ ሁሉ ሰው በአካል የሚገናኘው የት እንደሆነ ጠየቁኝ። አሰብኩ፣ አሰብኩ። የሕንፃው የውሃ ፓምፕ ከተበላሸ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ውሃ ሲለቀቅ ጄሪካን ይዘን ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ አጠገብ እንሰለፋለን። ሌላ ቦታ አንገናኝም።

ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ አስካለ በርጩማቸውን ቧንቧው አጠገብ አድርገው ተቀመጡ። ለመጣው ሁሉ የአባባ ተክሌን ነገር አወሩለት። ሰዉም አዳመጠ፤ ጄሪካኑ ሳይሞላ የት ይሄዳል? ኢንጂነሩ ብቅ ሲል ክንዱን ያዝ አደረጉት።

"ያን ሁሉ እጅ የላክኸው አንተ ነህ ልጄ?" አሉት። "እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ደግሞ በገዛ እጅህ ብርድ ልብስ አውርድልኝ። ተራህን እኔ እጠብቅልሃለሁ።"

ሰልፉ ሳቀ። እሱም እያፈረ ሳቀና ደረጃውን ወጣ፤ ሲመለስ ሁለት ታቅፎ ነበር። ሌሎቹም ተያዩና ጄሪካናቸውን ለወይዘሮ አስካለ አደራ እየሰጡ ተከታትለው ወጡ። ረፋዱ ላይ ከበርጩማው ጎን የተከመረው ብርድ ልብስ በርጩማውን በልጦት ነበር። ከሰዓት በኋላ አባባ ተክሌ የደረሳቸውን በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ "ይቺስ የሀብታም ናት" ብለው ፈገግ አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ የእኛ ቀን ሆነ። ፓስታው፣ ሳሙናው፣ ጃንጥላው ሳይቀር ከየፎቁ ወረደልን።

ባለፈው ሰኞ ፓምፑ ተጠገነ። ውሃው እስከ ላይ ወጣ፤ ሕንፃው እልል አለ፤ ሰውም ጄሪካኑን አስቀምጦ በሩን ዘጋ። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ሻወር ወስጄ፣ ደስ እያለኝ ወደ ወይዘሮ አስካለ ቤት ሄጄ የምሥራቹን ነገርኳቸው። ተመስገን አሉ። ሰልፉ መቅረቱ ግን አሳሰባቸውና በቁም ነገር ጠየቁኝ፤

"ለመሆኑ መብራት የሚጠፋው የትኛው ቀን ነው?"